«ገባልሽ?»፦ በኦንላይን ዕቃ ስንሸጥ የሐሰት ክፍያን እንዴት እንለየዋለን

ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የአክስቴ ልጅ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ወደ ደሴ ልትመለስ ሻንጣዋን ስታሰናዳ፣ ላፕቶፗን ለመሸጥ ቴሌግራም ላይ አወጣችው። 38 ሺህ ብር ነበር ያለችው። ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሰው ደወለ፤ ትሁት፣ «እታለም» እያለ የሚያወራ ሰው። 37 ሺህ አላት፣ እሺ አለችው። ስለ ባትሪው አልጠየቀም፤ ስክሪኑ ተቧጭሮ እንደሆነም አልጠየቀም። አዘዞ ሥራ ላይ ስለሆነ መምጣት እንደማይችልና ዕቃውን የሚቀበል ባጃጅ እንደሚልክ ነግሯት የሒሳብ ቁጥሯን ተቀበለ።

አሥር ደቂቃ ሳይቆይ የዝውውሩ ስክሪንሹት በቴሌግራም መጣ። ሙሉ ስሟ ከነአያቷ ተጽፎበታል፣ 37,000 ብር ይላል፣ አረንጓዴ ምልክት አለው። ወዲያው ስልኳ ላይ አጭር መልእክት ገባ፤ እሱም 37,000 ብር ገቢ ሆኗል ይላል። በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ በር ላይ ባጃጁ ደርሶ ክላክስ እያሰማ ነው። ሰውየው መልሶ ደወለ፦ «ገባልሽ? ልጁን አታስቁሚብኝ እታለም፣ በደቂቃ ነው የሚያስከፍለኝ።» «ገባ» አለችውና ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ አስረከበች። ማታ የአውቶቡስ ትኬት ልትቆርጥ ሒሳቧን ስትከፍት ያገኘችው ጠዋት የነበራትን 212 ብር ነው።

ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። የተማረችው አካውንቲንግ ነው፤ ደረሰኝ አይታ አስታርቃ፣ ደብተር ዘግታ የተመረቀች ናት። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የታዩትን ነገሮች አንድ በአንድ ሳስባቸው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል፦ ስክሪንሹቱ የመጣው ከገዢው ነው፣ መልእክቱን የላከው ገዢው ነው፣ «ገባልሽ?» የሚለው ቃል የወጣው ከገዢው አፍ ነው። ከባንኳ የመጣ አንድም ነገር አልነበረም። ስለ ሐሰት ክፍያ የሚነገረው ምክር ሁሉ ሲጨመቅ እዚህ ላይ ያርፋል። ብሩ መግባቱን የሚመሰክር አንድ ቦታ ብቻ አለ፣ እሱም የሻጩ የራሱ ሒሳብ ነው። ገዢው የሚያሳየው ነገር ምንም ያህል ቢያምር የገዢው ቃል ከመሆን አያልፍም።

ለምን አሁን በዛ?

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው፤ ኤምፔሳ ነሐሴ 2015 ተከተለው። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ የተደነገገውም በ2015 ነው፤ ጎንደር ውስጥ ስልክ ለመደወል ብቻ ይዘው የነበሩ የባጃጅ ሹፌሮች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በስልክ መክፈልን የለመዱት ያኔ ነው። ዛሬ አራዳ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ እናቶች ሳይቀሩ የሒሳብ ቁጥራቸውን በካርቶን ጽፈው ሰቅለዋል። ይህ በጎ ለውጥ ነው፤ በኪስ ብር ይዞ መዞር ቀርቷል፣ መልስ የለኝም የሚባል ጭቅጭቅ ቀንሷል። ነገር ግን በዚህ ፍጥነት ውስጥ አንድ ልማድ አብሮ ገባ፦ ከፋዩ ስልኩን ወደ ሻጩ አዙሮ «ይኸው ልኬያለሁ» ይላል፣ ሻጩ አየት አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ለሃያ ብር ሽንኩርት ይህ ያስኬዳል። አጭበርባሪው የሚያደርገው ይኸንኑ ልማድ ወደ 37 ሺህ ብር ማሳደግ ነው።

ሌላም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ተሰቅሏል። አዲስ ስልክ መግዛት የከበደው ሰው ወደ ያገለገለ ዕቃ ዞረ፤ ሳሎን ጥግ ተቀምጦ የነበረ አሮጌ ቴሌቪዥንም ዋጋ አወጣ። ጂጂ በተባለው የመሸጫ ድረ ገጽ ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ከሁሉ በላይ በየከተማው የቴሌግራም ቻናሎች ላይ በሕይወቱ ሸጦ የማያውቅ ሰው ሻጭ ሆኗል። ነጋዴ በሃያ ዓመት የተማረውን ጥንቃቄ አንድ ፍሪጅ የሚሸጥ ሰው ከየት ያመጣዋል?

ጎንደር ደግሞ የራሷ ወቅት አላት። ተማሪ ሲመረቅ ላፕቶፕ፣ ፍራሽ፣ የውኃ ማፍያ፣ ምድጃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለገበያ ይወጣል። ሻጮቹ ወጣቶች ናቸው፣ ችኩሎች ናቸው፣ አውቶቡሱ ደግሞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ሁለት ቀን ቆይቶ ሌላ ገዢ መጠበቅ የማይችል ሰው ለአጭበርባሪ ምን ያህል እንደሚመች ማስረዳት አያስፈልግም። ጥምቀት ሲቃረብም እንዲሁ ነው፤ እንግዳ ይበዛል፣ ቤቱን ለማደስ የሚፈልግ ዕቃውን ያወጣል፣ ከሌላ ከተማ ነኝ የሚል ገዢ ማንንም አያስገርምም።

ስክሪንሹት፣ መልእክት፣ አፕ

ስክሪንሹት ፎቶ ነው። በስልክ ላይ ባለ ተራ የፎቶ ማስተካከያ መጠኑን፣ ቀኑን፣ ስሙን መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ሰው «ሙሉ ስሜን እንዴት አወቀው?» ብሎ ይታለላል። መልሱ ቀላል ነው። የሒሳብ ቁጥራችሁን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ማንኛውም ሰው ቁጥሩን በባንክ አፕ ላይ ሲያስገባ ከመላኩ በፊት የባለቤቱ ስም ይወጣለታል። ስማችሁን ማወቁ እስከዚያች ገጽ መድረሱን ይናገራል እንጂ ብር መላኩን አይናገርም። አንዳንዱ ደግሞ እውነተኛ ዝውውር ያደርጋል፣ አሥር ብር ብቻ ይልካል፤ ከዚያ የእውነተኛውን ደረሰኝ 10 ወደ 10,000 ያሳድገዋል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነው፤ የተነካው አንድ መስመር ነው።

አጭር መልእክቱ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ስክሪንሹትን የሚጠራጠር ሰው እንኳ በራሱ ስልክ ላይ የገባን መልእክት ያምናል፣ «ወደ እኔ ነው የመጣው» ይላል። ወደ እናንተ መምጣቱ ከባንክ መምጣቱ አይደለም። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ንግድ ባንክም የራሱ መጠሪያ አለው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር «ሒሳብዎ ገቢ ሆኗል» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ሌላ ምርመራ አያሻውም። ግን ላኪው ላይ ስም ቢታይስ? ገዢው ዕቃውን ለማየት መጥቶ «ስልኬን ልመዝግብልሽ» ብሎ ስልካችሁን ተቀብሎ ከነበረ፣ የራሱን ቁጥር በባንኩ ስም መዝግቦት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚልከው ሁሉ በባንኩ ስም ይታያል። ስሙን ነካ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ማየት ይህን ያጋልጠዋል። የላኪን መጠሪያ አስመስሎ መላክም በቴክኒክ የማይቻል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ መልእክቱ ከቀድሞዎቹ የባንክ መልእክቶች ሥር ተደርድሮ መታየቱ ብቻውን ልብ ሊያሳርፍ አይገባም።

ይልቅስ የመልእክቱን ጅራት ማየት ነው። ከንግድ ባንክም ሆነ ከቴሌብር የሚመጣ የገቢ መልእክት መጨረሻው ላይ አሁን ያላችሁን ቀሪ ሒሳብ ይነግራችኋል። አጭበርባሪው ስማችሁን ያውቃል፣ ቁጥራችሁን ያውቃል፣ መጠኑንም ራሱ ተስማምቶበታል። ቀሪ ሒሳባችሁን ግን ሊያውቅ አይችልም። ወይ ይዘለዋል፣ ወይ ዝም ብሎ ይገምታል። የአክስቴ ልጅ መልእክቱን ካሳየችኝ በኋላ ደጋግሜ አነበብሁት፤ ቀሪ ሒሳብ የሚል መስመር አልነበረበትም። 212 ብር የነበራት ልጅ 37,212 የሚል ቁጥር ማየት ነበረባት።

የማረጋገጫ ቁጥሩም ለሚያነበው ይናገራል። በንግድ ባንክ ዝውውር ላይ ኤፍ ቲ (FT) ከሚሉት ሁለት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጡት አምስት አሃዞች ቀን ናቸው። ሁለቱ የፈረንጆቹን ዓመት፣ ሦስቱ ከዓመቱ መባቻ ጀምሮ የተቆጠረውን ቀን ያመለክታሉ። በ2017 የጥምቀት ሰሞን፣ ጥር 13 ማክሰኞ፣ በፈረንጆቹ የ2025 ሃያ አንደኛ ቀን ነበር፤ ያን ዕለት የተላከ ብር ቁጥሩ ኤፍ ቲ 25021 ብሎ ይጀምራል ማለት ነው። ዛሬ ተላከ የተባለ ብር ከሦስት ወር በፊት የነበረ ቁጥር ከያዘ አሮጌ ደረሰኝ ተቀባብቶ መጥቷል። በእሑድና በበዓል ቁጥሩ የቀጣዩን የሥራ ቀን ሊይዝ ስለሚችል የአንድ ሁለት ቀን ልዩነት ሰውን ሌባ አያሰኝም። ቁጥሩ መግጠሙም ሰውየውን ታማኝ አያደርገውም፤ ዛሬ ለሌላ ሰው ከላከው ብር ላይ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ይህ ዘዴ ሐሰቱን ለመጣል እንጂ እውነቱን ለማጽደቅ አይሆንም።

የባንኩን አፕ አስመስለው የተሠሩ አፖችም አሉ። አርማው፣ ቀለሙ፣ «በተሳካ ሁኔታ ተልኳል» የሚለው ገጽ ሁሉ ይመሳሰላል፤ ከኋላው ግን ምንም ባንክ የለም፣ የተጻፈለትን ቁጥር መልሶ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ይህ የሚሠራው ፊት ለፊት ነው። ገዢው አጠገባችሁ ቆሞ፣ እያያችሁት ፒኑን አስገብቶ ይልካል። ከስክሪንሹት የከፋ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሰው «በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። ያየው ግን የገዢውን ስልክ ነው።

ብሩ እውነት ሆኖ ሽያጩ ሐሰት ሲሆን

እስካሁን ያልናቸው ሁሉ ብር ሳይገባ ገባ የሚባልባቸው ናቸው። ከእነሱ የረቀቀው ብሩ በእውነት የሚገባበት ነው፤ ስለዚህኛው ሲወራ ስለማልሰማ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

አንድ ሰው የእናንተን የስልክ ማስታወቂያ ፎቶ ገልብጦ በሌላ ቻናል ላይ በርካሽ ያወጣዋል። ባሕር ዳር ያለ የዋህ ገዢ ያገኘዋል። አጭበርባሪው ለእናንተ «እገዛዋለሁ፣ የሒሳብ ቁጥር ላኪ» ይላል፤ ያንኑ ቁጥር ለባሕር ዳሩ ሰው «የእህቴ ሒሳብ ነው፣ እዚህ ላይ ላክ» ብሎ ይሰጠዋል። የባሕር ዳሩ ሰው እውነተኛ ብር ይልካል። እናንተ ሒሳባችሁን ከፍታችሁ ታያላችሁ፣ ቀሪ ሒሳቡም ትክክል ነው፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም ትክክል ነው። ስልኩን ለመጣው ሰው ታስረክባላችሁ። የባሕር ዳሩ ሰው ዕቃው ሳይደርሰው ሲቀር ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? የእናንተ። ሒሳባችሁ ሊታገድ፣ እናንተም ለምርመራ ልትጠሩ ትችላላችሁ። አጭበርባሪው በሁለት ንጹሓን ሰዎች መካከል ገብቶ ስልኩን ይዞ ወጥቷል፤ በየትኛውም ባንክ ላይ ስሙ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ሒሳብን ማየት ብቻ አይበቃም፣ የላኪውን ስም ማየት ያስፈልጋል። ዕቃውን የሚረከበው ሰው መታወቂያ፣ የቀበሌም ይሁን የፋይዳ፣ ከላኪው ስም ጋር መግጠም አለበት። «ወንድሜ ነው የላከልኝ» ቢል ወንድሙን ስልክ ላይ ማግኘትና በቀጥታ ማናገር ተገቢ ነው፦ ለምን ዕቃ፣ በስንት ብር፣ ለማን እንደሚሰጥ። እውነተኛ ወንድም ይህን በግማሽ ደቂቃ ይመልሳል። ገዢው ራሱ ደውሎ የሚያቀብላችሁን ስልክ ግን አትመኑ፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ተባባሪው ሊሆን ይችላል። የላኪውን ቁጥር ተቀብላችሁ ከራሳችሁ ስልክ ደውላችሁ፣ ስሙን እናንተ ሳትጠሩለት ራሱ ሙሉ ስሙን እንዲናገር አድርጉ።

«በስህተት አብልጬ ላክሁ» የሚለው የታወቀ ነው፣ አላስረዝመውም። ዕቃው 20 ሺህ ሆኖ 30 ሺህ ተልኳል የሚል መልእክት ይመጣል፤ ገዢው ደንግጦ «አሥሩን ሺህ መልሽልኝ፣ የሰው ብር ነው» ይላል። መልእክቱ ሐሰት ነው፤ እናንተ የምትመልሱት አሥር ሺህ ግን እውነተኛ ነው። በስህተት የመጣ ብር ካለ ባለቤቱ ባንኩ ዘንድ ያመልክት፤ በባንኩ በኩል ይመለሳል።

«ብሩን ለመቀበል ፒንሽን አስገቢ» ሲባልም እንዲሁ ነው። ብር ለመቀበል ፒን አያስፈልግም። ፒን የሚጠየቀው ሲወጣ ነው። ስልካችሁ ላይ ድንገት ፒን አስገቡ የሚል ሳጥን ብቅ ካለ፣ ወይም «ክፍያውን ለማጽደቅ» የሚል ሊንክ ከመጣ፣ የምታጸድቁት ከእናንተ ሒሳብ የሚወጣን ክፍያ ነው። በስልካችሁ የመጣን የማረጋገጫ ኮድም ለማንም አታንብቡ፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢሆን።

መኪና ወይም ቤት የሚሸጥ ሰው ሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ይቀበላል። ሲፒኦም ወረቀት ነው። ወረቀቱን ያወጣው ቅርንጫፍ ዘንድ ራሳችሁ ሄዳችሁ ሳታረጋግጡ፣ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ስልክም ሳይሆን ባንኩ በይፋ በሚታወቅበት ስልክ ሳትጠይቁ፣ ሊብሬ አታስረክቡ።

ይሉኝታ

እነዚህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ይታለላል። ይህ ለረጅም ጊዜ ግራ ያጋባኝ ነገር ነው። የአክስቴን ልጅ «ሒሳብሽን ለምን አልከፈትሽም?» ብዬ ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ግን አስረዳኝ። «ሰውየው እየጠበቀ ነበር» አለችኝ። «አላመንሁህም ማለት ሆነብኝ።»

እኛ አገር ሰውን ፊት ለፊት አላምንህም ማለት ነውር ነው። ገዢው ያለ ብዙ ክርክር ተስማምቷል፣ በአክብሮት አናግሯል፣ «ልኬያለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል፤ ከዚህ በኋላ «ቆይ ልይ» ማለት ከስድብ የሚቆጠር ይመስለናል። አጭበርባሪው ይህን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ትህትናው፣ «እናቴ» «እታለም» ማለቱ፣ የሚጠብቅ ሹፌር መላኩ፣ የታመመ ልጅ ወሬ ማንሳቱ ሁሉ ለአንድ ነገር የተዘጋጀ ነው፦ ሒሳባችሁን ለመክፈት የምታጠፏትን ሁለት ደቂቃ የምታፍሩባት ለማድረግ።

ግን እስኪ ቅዳሜ ገበያ ሂዱና ተመልከቱ። ሁለት ኩንታል ጤፍ የሸጠ ገበሬ ብሩን ገዢው ፊት ላይ ይቆጥራል። አንዴ ቆጥሮ አይበቃውም፣ ለልጁ ሰጥቶ ደግሞ ያስቆጥራል። ከ2013 ወዲህ የመጣውን ባለ 200 ብር ኖት ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያያል፣ በጣቱ ይዳስሳል። ገዢው ይቆጣል? አይቆጣም፤ ቆሞ ይጠብቃል፣ እንዲያውም «ቁጠር፣ ቁጠር» ይላል። ብር ከመቁጠር በፊት ከብት የሚያስረክብ ሰው የለም፣ መቁጠርንም እንደ ስድብ የሚያይ የለም። ሒሳብ ከፍቶ ማየት ያው ብር መቆጠሩ ነው። አባቶቻችን ለወረቀት ብር ያላፈሩበትን ነገር እኛ ለስልክ ብር የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚረዳው ነገር ቃሉን አስቀድሞ መናገር ነው። ዋጋ ከመነጋገር በፊት፣ ማስታወቂያው ላይ ሳይቀር፣ «ዕቃው የሚሰጠው ብሩ ሒሳቤ ላይ መግባቱን ካየሁ በኋላ ነው፤ ለማንም እንዲሁ ነው» ብሎ መጻፍ። አስቀድሞ የተነገረ ደንብ ለሁሉም ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም፤ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ክላክስ ሲያሰማ የሚነገር ጥርጣሬ ግን ለሻጩም ለገዢውም ይከብዳል።

«ሲስተም የለም»

የዚህ አገር አጭበርባሪ ሌላ ቦታ ያለው የማያገኘው አንድ ምክንያት አለው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ሲስተም እየጎተተ ነው፣ ቆይቶ ይገባል።» ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ተብለን ያልተመለስን ስንቶቻችን ነን? በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ ጎንደር ላይ መልእክት ዘግይቶ መድረሱ፣ አፕ አለመከፈቱ የዕለት ኑሮ ሆኖ ነበር። ስለዚህ «ኔትወርክ ነው» የሚል ሰው ውሸታም አይመስለንም።

መዘግየት በእውነትም ይኖራል፤ በተለይ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ። መልሱ ግን አብሮ መጠበቅ ነው። ብሩ በእውነት የተላከ ከሆነ ይደርሳል፣ ዕቃውም እዚያው ነው፤ ማንም የሚጎዳ የለም። ኢንተርኔት ባይኖርም ሒሳብን ማየት ይቻላል፦ ንግድ ባንክን በ*889#፣ ቴሌብርን በ*127# ደውሎ ቀሪ ሒሳብ መጠየቅ ነው። ይህ ያለ ዳታ፣ በተራ ስልክም ይሠራል። ከመሸጣችሁ በፊት ጠዋት አንዴ ሞክሩትና ቀሪ ሒሳባችሁን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ማታ ስንት መሆን እንዳለበት ለማወቅ መደመር ብቻ ይበቃችኋል።

ቦታና ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ቅርንጫፎች በአንዱ፣ በሥራ ሰዓት፣ ገዢው በአካል ተገኝቶ ዕቃውን አይቶ የሚከፍልበት ሽያጭ አጭበርባሪ የሚሸሸው ሽያጭ ነው። ዓርብ ማታ፣ የበዓል ዋዜማ፣ ባንክ ከተዘጋ በኋላ የሚጣደፍ ገዢ ሲመጣ ግን «ሰኞ ጠዋት እንገናኝ» ማለት ነው። እውነተኛ ገዢ ቢያዝን እንኳ ይመጣል። ዕቃው ራቅ ወዳለ ከተማ በአውቶቡስ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ብሩ ሳይገባ መናኸሪያ እንዳትሄዱ። አንዴ ጣሪያ ላይ የወጣ ዕቃ አይወርድም።

ዕቃውን ሳያይ፣ ሳይጠይቅ፣ ብዙ ሳይከራከር የሚገዛ ሰውስ? ይህን ምልክት ከሁሉ አስበልጬ እይዘዋለሁ። ጎንደሬ ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ያገላብጣል፣ ያስነሳዋል፣ ያስቀንሳል፣ ሄዶ ይመለሳል። 37 ሺህ ብሩን ሊያወጣ ያለ ሰው ስለ ባትሪው ካልጠየቀ፣ ብሩን ሊያወጣ አላሰበም።

ከተበላን በኋላ

ከሁሉ በፊት ቻቱን ማዳን ነው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ውይይቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል፤ አጭበርባሪው ዕቃው እጁ እንደገባ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። የመጠቀሚያ ስሙንም በሰከንድ ይለውጣል። ስለዚህ ገና ሳይጠፋ ውይይቱን፣ የላከውን ሐሰተኛ ደረሰኝ፣ የደወለበትን ቁጥርና ሰዓት ስክሪንሹት አድርጎ ወደ ሌላ ስልክ መላክ ያስፈልጋል። ከሒሳባችሁ የወጣ ብር ካለ ወዲያውኑ ለባንኩ መደወል ነው፤ የንግድ ባንክ 951፣ የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። ሌባውን ለማግኘት ብላችሁ በራሳችሁ ቀጠሮ አትያዙ።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ብዙዎች «ምን ያደርጉልኛል» ብለው ይቀራሉ፤ በዚህ አልስማማም። ሰውን በሐሰት አሳምኖ ንብረቱን መውሰድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የተደነገገ የአታላይነት ወንጀል ነው፤ በኮምፒውተርና በስልክ የሚፈጸም ማጭበርበርና ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። ያው ሰው አምስት ተማሪ አታልሎ ከሆነ አምስቱ ማመልከቻ አንድ ላይ ሲቀመጥ አንዱ ብቻውን የማያሳየውን ያሳያል፤ የስልክ ቁጥሩ፣ የድምፁ ሁኔታ፣ ዕቃ የሚቀበልበት ሰፈር ይደጋገማል።

የአክስቴ ልጅ ወደ ደሴ መሄዷን በሁለት ቀን አዘግይታ አመለከተች። ጣቢያው መጀመሪያ የጠየቃት የባጃጁን ታርጋ ነበር፤ አልያዘችውም። በር ላይ ያሉት ጥበቃ ግን ሹፌሩን በመልክ ያውቁት ነበርና በማግስቱ ተገኘ። ልጁ ምንም አያውቅም። በስልክ ተደውሎ «ከማራኪ ግቢ ዕቃ ተቀብለህ አምጣልኝ፣ 300 ብር እከፍልሃለሁ» ተብሎ ነው የሄደው። ላፕቶፑን መናኸሪያ በር ላይ ኮፍያ ላደረገ ወጣት አስረክቧል። ሒሳቡን ሲጠይቅ ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ በቴሌብር የተላከ 300 ብር አሳየው። ማታ ከፍቶ ሲያየው አልገባም። ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ፤ መዝገቡም በሁለት ተበዳዮች ስም ተከፈተ።